የደጋንያው ሽማግሌ፦ አሮን ዳዊት ጎርዶንና በዮርዳኖስ ዳር የተመሠረተው የመጀመሪያው ኪቡትዝ

ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠቀሱት በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በተባለች ከተማ የጋራ ሱቅ የከፈቱት ሸማኔዎች ናቸው። ቀጥሎም በጀርመን አገር ለገበሬዎች የብድር ማኅበራትን ያቋቋሙት ራይፋይዘን ይነሳሉ። በሁለቱም ዘንድ አባሉ ቤቱና ማሳው የራሱ ሆኖ የሚያስተባብረው ገበያውን ወይም ገንዘቡን ነበር። መሬቱን፣ ከብቱን፣ ጉልበቱን፣ ማዕዱንና የልጆቹን አስተዳደግ ሳይቀር በአንድ ላይ አድርጎ መኖርን የሞከሩ፣ ሙከራቸውም ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀላቸው ደግሞ ከጥብርያዶስ ባሕር በስተደቡብ፣ የዮርዳኖስ ወንዝ ከባሕሩ በሚወጣበት አካባቢ የሰፈሩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። መንደራቸው ደጋንያ ትባላለች። የኪቡትዞች እናት እየተባለችም ትጠራለች።

ዩኒየኑ የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ለአባላትና ለአመራር አካላት ይጠቅማል ተብሎ የቀረበው ከዚህች መንደር ጋር ስማቸው የተቆራኘው የአሮን ዳዊት ጎርዶን የሕይወት ታሪክ ነው። ደጋንያን የመሠረቱት ጎርዶን አይደሉም፤ ስትመሠረት በቦታው አልነበሩም። የማኅበሩ መሪም ሆነው አያውቁም። ይሁን እንጂ ስለ ኪቡትዝ አጀማመር የጻፉ ሁሉ እሳቸውን ሳይጠቅሱ አያልፉም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከርስት ቤት ጸሐፊነት ወደ ዶማ

ጎርዶን በ1856 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ትሮያኖቭ በምትባል መንደር ተወለዱ። አገሩ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። ወላጆቻቸው ሃይማኖታቸውን አጥባቂ አይሁድ ሲሆኑ ከተወለዱላቸው ልጆች በሕይወት የተረፉት ጎርዶን ብቻ ነበሩ። ጉንዝቡርግ የሚባሉት ስመ ጥር ባለባንኮችና ባለርስቶች ዘመዶቻቸው ስለነበሩ ኑሯቸው የተደላደለ ነበር። ለውትድርና በተጠሩ ጊዜ ወላጆቻቸው አንድያ ልጃቸውን ለማስቀረት ቢፈልጉም ወጣቱ ጎርዶን ሌላው ሲሄድ እኔ ልቅር አላሉም፤ ቀርበው ተመረመሩና ለጤናቸው ተብሎ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ዘመዳቸው የነበሩትን ወይዘሮ ፋይጋን አግብተው ሞሂልና በሚባል የጉንዝቡርግ ርስት ላይ በጽሕፈት ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የወረቀት ሥራ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ 23 ዓመት ያህል ቆዩ። ሰባት ልጆች ወልደው አምስቱ ሞቱባቸው፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ቀሩላቸው። በርስቱ አካባቢ ያለውን ወጣት ማስተማርና ማወያየት ይወዱ ስለነበር በአካባቢው ሰው ዘንድ የተከበሩ ነበሩ።

ዘመኑ ለሩሲያ አይሁድ ክፉ ዘመን ነበር። በ1881 ግድያና ዝርፊያ ተነሣባቸው። በ1882 የወጣው ሕግ ደግሞ ከከተማ ውጪ አዲስ እንዳይሰፍሩ፣ የገጠር መሬትም እንዳይገዙ ከለከላቸው። ስለዚህ አብዛኛው ሕዝብ በጠባብ ከተሞች ውስጥ በንግድና በእጅ ሥራ ብቻ እንዲኖር ተገደደ። ጎርዶንን እጅግ ያሳሰባቸው ይኸው ነበር። ሕዝቡ ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ከተቋረጠ ብዙ ዘመን ስለሆነው፣ የሚበላውን እንጀራ የሚያበቅልለት፣ የሚኖርበትንም ቤት የሚሠራለት ሌላ ሰው ሆኗል ብለው ያምኑ ነበር። በእሳቸው አስተሳሰብ ይህ ችግር በገንዘብም በመንግሥት አዋጅም የሚፈታ አልነበረም። የሚፈታው እያንዳንዱ ሰው በገዛ እጁ ሲሠራ ብቻ ነው የሚል አቋም ነበራቸው።

በ1903 ርስቱ ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ጎርዶን ሥራቸውን አጡ። ሌላ የጽሕፈት ሥራ ፈልገው እንደወትሮው መኖር ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በ1904፣ ዕድሜያቸው ወደ 48 ሲጠጋ፣ የነበራቸውን ገንዘብ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ትተው ብቻቸውን ወደ ፍልስጥኤም ተሻገሩ። ፍልስጥኤም በዚያን ጊዜ የኦቶማን ቱርክ ግዛት ነበረች። ከቤተሰብ በኩል ተቃውሞ ነበረባቸው፤ ተቃውሞውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

አብረዋቸው በመርከብ የሚመጡት አብዛኞቹ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወይም ገና ያለፋቸው ወጣቶች ነበሩ። ጎርዶን ጢማቸው የሸበተ፣ ሰውነታቸው የቀጠነ፣ እጃቸው ብዕር እንጂ ዶማ የማያውቅ ሰው ናቸው። ፔታህ ቲክቫና ሪሾን ለጽዮን በተባሉት ቀደምት የአይሁድ ሰፈሮች ያሉ የብርቱካንና የወይን እርሻ ባለቤቶች እንዲህ ያለውን ሰው ለቀን ሥራ መቅጠር አይፈልጉም ነበር። የአካባቢው የአረብ ሠራተኛ ሥራውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ መንደሩም ማሳውም ቅርቡ ስለሆነ በአነስተኛ ክፍያ ይሠራል። ከአውሮፓ የመጣው ግን ሥራ አያውቅም፣ በወባ ይወድቃል፣ ክፍያውም አይበቃውም። በዚህ ምክንያት በእነዚያ ዓመታት ከመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ተመልሰዋል።

የብርቱካን ኩትኳቶ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ሞክሮ ማየት ነው። በእያንዳንዱ ዛፍ ዙሪያ ውሃ የሚይዝ ጎድጓዳ ይቆፈራል። ጠልቆ ከተቆፈረ ሥሩ ይጎዳል፤ ላይ ላዩን ከተጫረ ደግሞ አረሙ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ወገን ላይ አፈር ከበዛ ውሃው ይፈስሳል። ይህንን ሥራ በመደዳ ቆመው ከወጣቶች ጋር እኩል እየተራመዱ መሥራት ለጎርዶን ከባድ ፈተና ነበር። ቀለል ያለ የቢሮ ሥራ ሊያገኙ ሲችሉ አልፈለጉም። ቀን ይቆፍራሉ፤ ማታ በፋኖስ ብርሃን ይጽፋሉ። እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ድረስ የቀጠሉበት አኗኗር ይህ ነበር። ሥጋም አይበሉም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለቤታቸውና ሴት ልጃቸው ያኤል መጥተው ተቀላቀሏቸው። በፔታህ ቲክቫ አጠገብ ዓይን ጋኒም በምትባል የሠራተኞች መንደር አብረው መኖር ጀመሩ። ነገር ግን ወይዘሮ ፋይጋ ከመጡ ብዙም ሳይቆዩ ታመው ሞቱ። ወንድ ልጃቸው በሃይማኖት ትምህርቱ ጸንቶ በሩሲያ እንደቀረ አባትና ልጅ ዳግመኛ አብረው ሳይኖሩ ቀሩ። ይህ የጎርዶን ሕይወት ክፍል በአድናቆት ብቻ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ሰው ለዓላማው ሲቆርጥ የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሚስትም ልጅም አብረው ይከፍላሉ። ስለ ጎርዶን የሚጽፉ ሰዎች ይህችን ነገር ቶሎ ብለው ያልፏታል።

ያለ አለቃ የተሠራ እርሻ

ጎርዶን በወይንና በብርቱካን እርሻዎች ሲደክሙ በሰሜን በኩል፣ በገሊላ፣ ሌላ ነገር እየተጠነሰሰ ነበር። በጥብርያዶስ ባሕር ዳር በ1908 ኪኔሬት የሚባል የማሠልጠኛ እርሻ ተከፈተ። ያቋቋመው በአርተር ሩፒን ይመራ የነበረው የጽዮናውያን ድርጅት ቢሮ ሲሆን፣ እርሻውን የሚያስተዳድር አንድ የግብርና ባለሙያ ተሹሞ ነበር። ሠራተኞቹ በየወሩ ክፍያ ይቀበላሉ፤ አለቃው ያዝዛል፤ እነሱም ይታዘዛሉ። በዓመቱ ግን ጠብ ተነሣ። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። አለቃ ሳይኖርብን እንሥራ የሚል ጥያቄም አቀረቡ።

ሩፒን የሒሳብ ሰው ስለነበሩ ነገሩን እንደ ሙከራ አዩት። ከዮርዳኖስ ማዶ ኡም ጁኒ በምትባል ስፍራ የነበረውን መሬት በ1909 መጨረሻ ላይ ለስድስት ወንዶችና ለአንዲት ሴት ለአንድ ዓመት በውል ሰጡ። ከብቱንና ዘሩን ቢሮው አቀረበ። ሥራውን እንዴት እንደሚሠሩ፣ ማን ምን እንደሚሠራ የሚወስኑት ራሳቸው ሠራተኞቹ ሆኑ። ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡ በትርፍ ተዘጋ። በአንጻሩ አለቃ የነበረበት እርሻ በኪሳራ ላይ ነበር። ለኅብረት ሥራ ባለሙያ ይህች አንዲት ዓመት ብዙ የምትናገር ናት።

በኦክቶበር 1910 የመጀመሪያው ቡድን ሲለቅቅ ከሐዴራ የመጡ አሥር ወንዶችና ሁለት ሴቶች መሬቱን ተረከቡ። እነዚህ አሥራ ሁለት ሰዎች ለአንድ ዓመት ሳይሆን በዚያው ለመኖር የመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ዮሴፍ ቡሴል፣ ዮሴፍ ባራጽ፣ ታንሁም ታንፒሎቭ፣ ሳራ ማልኪንና ሚርያም ይገኙበታል። መንደሪቱንም ደጋንያ አሏት። ስሙ በዕብራይስጥ እህል ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

መጀመሪያ የኖሩት በኡም ጁኒ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ በመሆኑ በጋው ይፋጃል። ወባውም ብርቱ ነበር። በማረሻ ሰዓት ከገበሬዎቹ ግማሾቹ በትኩሳት ተኝተው ሌሎቹ የእነሱን ጥማድ በቅሎ ጭምር ይዘው የሚውሉበት ቀን ነበር። በ1912 የድንጋይ ቤቶች ተሠርተውላቸው ዮርዳኖስ ከባሕሩ ወደሚወጣበት ስፍራ ተዛወሩ።

አኗኗራቸው እንዲህ ነበር። መሬቱ የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ስለነበር አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ማኅበሩ በይዞታ ያለማዋል እንጂ። የእርሻ መሣሪያውና ከብቱ የጋራ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ ገቢው ወደ አንድ ካዝና ይገባና አባሉ የሚያስፈልገውን ከዚያ ያገኛል። ምግብ በአንድ አዳራሽ ይበላል። ማታ ከራት በኋላ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ይደረግና ነገ ማን ያርሳል፣ ማን ውሃ ያመጣል፣ ማን ከብት ይጠብቃል የሚለው ይወሰናል። ስብሰባው አንዳንድ ጊዜ እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቅ ነበር። አንድ በሬ ለመግዛትም ሆነ አንድ ሰው ልብስ ለማሰፋት ቢፈልግ ነገሩ የሁሉም ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ ወደ ወጥ ቤትና ወደ ልብስ አጠባ ተመደቡ። ሴቶቹ ግን በዚህ አልረኩም። እኩልነት ከተባለ በእርሻውም እኩል መሆን አለብን አሉ። ሚርያም አለባ ተምራ የወተት ላሞችን ሥራ ያዘች፤ ለብዙ ዓመታትም የደጋንያን የከብት እርባታ የመራችው እሷ ነበረች። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ማኅበሩ እስኪጠነክር ድረስ ለአምስት ዓመት ማንም አያግባ የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ ብዙም አልተራመደም። ሚርያምና ዮሴፍ ባራጽ ተጋቡ፤ በ1913 የመጀመሪያው ልጅ ተወለደ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ከእርሻው ጥያቄዎች ሁሉ የከበደ ነበር። እናት ልጇን ይዛ ከዋለች ከሥራው ትወጣለች፤ ከሥራው ከወጣች ደግሞ ከማኅበሩ አባልነት ወደ ባሏ ጥገኝነት ትመለሳለች። ሚርያም ልጇን ይዛ ወደ በረቱ መሄዷን አላቆመችም። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የልጆች ወጪ በማኅበሩ ይሸፈን፣ ጥበቃውንም ሴቶች በተራ ይያዙት ብለው ወሰኑ። በኋላ በሌሎች ኪቡትዞች የተስፋፋው የልጆች ቤት ሥርዓት መነሻው ይህ ውሳኔ ነበር። ልጁ ወላጆቹን በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ እንዲያይ ያደረገው የኋለኛው ሥርዓት ደግሞ በራሱ በኪቡትዞቹ ውስጥ ብዙ ቅሬታ አስነሥቶ በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቀርቷል።

ሽማግሌው በደጋንያ

ጎርዶን በ1912 ወደ ገሊላ ወጡ። በተለያዩ እርሻዎች ከሠሩ በኋላ መጨረሻ ላይ ደጋንያ ላይ ረጉ። እዚያ ያሉት ወጣቶች ልጆቻቸው የሚሆኑ ናቸው። ሽማግሌው እያሉ ይጠሯቸው ጀመር፤ ስሙም በዚያው ጸና። ሽማግሌው ግን ምክር ሊሰጡ ከዳር የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ጤናቸው እስከፈቀደ ድረስ ጠዋት ከሁሉም ጋር ወደ ማሳ ይወርዳሉ። ወጣቶቹ ማታ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩም ከመካከላቸው ገብተው ይጨፍሩ ነበር።

ጽሑፎቻቸው ሐፖኤል ሐጻኢር በሚባለው የሠራተኞች ጋዜጣ ላይ ይወጡ ነበር። ሐሳባቸው በአጭሩ ሲገለጽ ሰው ከተፈጥሮ ጋር የሚገናኘው በሥራ ነው፤ ሥራውን ለሌላ ሰው ያስተላለፈ ሕዝብም ሕይወቱን አስተላልፏል የሚል ነው። የሥራ ሃይማኖት የሚለው አነጋገር በስማቸው የታወቀ ቢሆንም ያወጡለት ሌሎች ናቸው። በዘመኑ ብዙ ወጣት የማርክስን ትምህርት ይከተል ስለነበር ከእነሱ ጋር አይስማሙም ነበር። ማርክሳውያን የምርት ግንኙነት ሲለወጥ ሰው ይለወጣል ሲሉ፣ ጎርዶን በበኩላቸው ሰውየው ራሱ ካልተለወጠ የሥርዓቱ ለውጥ ስም ብቻ ነው ይሉ ነበር። ማኅበርንም የሚያዩት እንደ ፋብሪካ ወይም እንደ ጦር ክፍል ሳይሆን እንደ ቤተሰብ ነው። ቤተሰብ ደግሞ በትእዛዝ አይመሠረትም።

እዚህ ላይ ዕድሜያቸው የገፋ አንባቢያን በደርግ ዘመን መልባ፣ ወልባና ወላንድ ይባሉ የነበሩትን የአምራቾች ማኅበራት ማስታወሳቸው አይቀርም። እነዚያም መሬትና በሬ በአንድ ላይ ያደረጉ ነበሩ። ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በአብዛኛው ስፍራ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈርሰው ገበሬው መሬቱንና በሬውን ተከፋፈለ። በመንደር ሰብስቦ አባል ማድረግና ወዶ መግባት በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ። በደጋንያ ያልተስማማው ሰው ዕቃውን ይዞ ይሄድ ነበር፤ የሄዱትም ጥቂት አይደሉም።

ጎርዶን የተጨነቁበት ሌላው ጉዳይ የጎረቤት ነገር ነው። ኡም ጁኒ ባዶ መሬት አልነበረም። የአረብ ገበሬዎች ይኖሩበትና ያርሱት ነበር። መሬቱ ከባለርስቶች በገንዘብ ቢገዛም የሚያርሰው ሰው ሌላ ነበር። ጎርዶን የባለቤትነት ወረቀት ብቻውን መብት አይሰጥም፤ በመሬት ላይ ያለ መብት በሥራ የሚገኝ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ይህ አባባል ሁለት ስለት አለው። ለአዲስ መጪዎቹ ምክንያት ሲሆን፣ ለዘመናት ሲያርስ ለኖረው አረብ ገበሬም ያንኑ ያህል ምክንያት ነው። ጎርዶን ይህንን አልሸሸጉም፤ ከአረቡ ጋር የሚኖረን ግንኙነት የእኛን ሰውነት የሚለካ ፈተና ነው ብለው ጽፈዋል። በተግባር ግን በአይሁድ እርሻ ላይ አይሁድ ብቻ ይሥራ የሚለው አቋም አረቡን የቀን ሠራተኛ እንጀራ ያሳጣ ነበር። በጎርዶን ሐሳብ ውስጥ ሳይፈታ የቀረው ቋጠሮ ይኸው ሲሆን፣ ውጤቱም ከእሳቸው በኋላ በመጣው ትውልድ ላይ ወደቀ።

በኖቬምበር 1913 ሞሼ ባርስኪ የተባለ ወጣት ለታመመ ጓደኛው መድኃኒት ለማምጣት ሄዶ በመንገድ ላይ ተገደለ። ደጋንያ የቀበረችው የመጀመሪያ ልጇ እሱ ነበር። መድኃኒቱ የታሰበለት በሽተኛ ሽሙኤል ዳያን ሲሆን በ1915 የተወለደለትን ልጅ በሟቹ ስም ሞሼ ብሎ ሰየመው። በኋላ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ጄኔራል ሞሼ ዳያን ይህ ልጅ ነው።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ከባድ ነበሩ። በ1915 የአንበጣ መንጋ አገሩን ወረረ። ጦሩ እህልና ከብት ወሰደ፤ ረሃብና ታይፈስም ተከተለ። እንግሊዞች ከደቡብ ሲገፉ ወጣቱ ለውትድርና መመዝገብ ጀመረ። ጎርዶን ይህንን ተቃወሙ። መሬት በጦር መሣሪያ የሚገኝ ነገር አይደለም የሚለው አቋማቸው ከብዙ ወዳጆቻቸው ጋር አለያያቸው። አንድ እጁን በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ያጣውና ከጦርነቱ በፊት በደጋንያም ሲያርስ የነበረው ዮሴፍ ትሩምፔልዶር የተቃራኒው ወገን ነበር፤ በ1920 በሰሜን ቴል ሐይ በምትባል ስፍራ በውጊያ ሞተ። በ1919 ደግሞ የደጋንያ የሐሳብ መሪ የነበረው ቡሴል በጥብርያዶስ ባሕር ሰጥሞ ሞተ።

የድንበሩ ነገር

ጎርዶን ወደ ደጋንያ ሲመጡ በአካባቢው ድንበር የሚባል ነገር አልነበረም። በአጠገቧ ባለችው በጸማህ ጣቢያ የሚያልፈው ባቡር ከሐይፋ ተነሥቶ ደማስቆ ይገባል፤ ሁሉም የአንድ መንግሥት ግዛት ነው። በሴፕቴምበር 1918 የአውስትራሊያ ፈረሰኞች በዚያችው ጣቢያ ላይ ተዋግተው ያዟት። ከዚያ በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ አገሩን ተካፈሉ። በ1920 ተስማምተው፣ በ1923 ደግሞ ካርታው ላይ አሰፈሩት። ከደጋንያ ማሳዎች ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በአንድ በኩል ሶርያ፣ በሌላ በኩል ማዶ ዮርዳኖስ ሆነ። ገበሬው በማረሻው እንደተሰማራ መንደሩ የጠረፍ መንደር ሆነች ማለት ነው።

በእነዚያው ዓመታት በማኅበሩ ውስጥ ሌላ ውሳኔ ተወሰነ። አባላቱ መብዛት ጀምረው ነበር፤ መሬቱም ከጉልበታቸው በላይ ሆነ። ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ ወይ ሠራተኛ መቅጠር ወይ መሬቱን መልቀቅ። መቅጠር ትርፍ ነበረው። እነሱ ግን መልቀቁን መረጡ። በ1920 ከመሬታቸው ከፍለው ለአዲስ ማኅበር ሰጡና ሁለተኛዋ ደጋንያ ተመሠረተች። ሦስተኛም ተጀምራ ነበር፤ በ1922 ወደ ጊኔጋር ተዛወረች። ሌሎች በበኩላቸው ማኅበር ካልሰፋ አቅም አይኖረውም ብለው በ1921 ዓይን ሐሮድን የሚያህል ትልቅ ኪቡትዝ መሠረቱ። ትንሽ ሆኖ መተዋወቅ ይሻላል ወይስ ሰፍቶ አቅም መፍጠር የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት አልበረደም። የጎርዶን ልብ ከትንሿ ጋር ነበር።

በ1920 በፕራግ ከተማ በተደረገ የሠራተኞች ጉባኤ ላይ ጎርዶን ተገኙ። ፈላስፋው ማርቲን ቡበርም በዚያ ነበሩ። ከአውሮፓ የተሰበሰበው ወጣት የሰማው የትልቅ ሰው ስም ነበር፤ ያየው ግን የእርሻ ልብስ የለበሰ፣ እጁ የሻከረ ሽማግሌ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የካንሰር በሽታ ያዛቸው። እስከ መጨረሻው መጻፋቸውን አላቆሙም። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1922 በ65 ዓመታቸው በደጋንያ አርፈው እዚያው ተቀበሩ።

ከእሳቸው በኋላ

ከሞታቸው በኋላ በምሥራቅ አውሮፓ ጎርዶንያ የሚባል የወጣቶች ንቅናቄ በስማቸው ተቋቋመ። አባላቱ እርሻ እየተማሩ ወደ ኪቡትዝ የሚሄዱ ነበሩ። በደጋንያም በስማቸው የተሰየመ የተፈጥሮና የእርሻ ቤተ መዘክር ይገኛል። ማኅበሩ በእህል ብቻ ከመታመን ወጥቶ ወተት፣ ሙዝና ቴምር ጨመረ፤ ቆይቶም ፋብሪካ አቋቋመ።

በሜይ 20 ቀን 1948 የሶርያ ጦር በታንክ ታግዞ በሁለቱ ደጋንያዎች ላይ ጥቃት ከፈተ። የመንደሩ ሰዎችና ሊረዷቸው የመጡት ተከላክለው መለሱት፤ በማግስቱ ጦሩ ከጸማህም ለቅቆ ወጣ። በአጥሩ ውስጥ የቀረው አንድ ትንሽ ታንክ ዛሬም በመንደሩ ይታያል። በዚያው ጦርነት የጸማህ አረብ ነዋሪዎች ከመንደራቸው ወጥተው አልተመለሱም። እስከ 1967 ድረስ የሶርያ ጦር በምሥራቁ ከፍታ ላይ ስለነበር በባሕሩ ዳርቻ ያሉ መንደሮች በተኩስ መካከል ያርሱ ነበር። ከዮርዳኖስ ጋር የሰላም ውል የተፈረመው በ1994 ነው።

በ2007 ደግሞ የደጋንያ አባላት ሌላ ከባድ ውሳኔ ወሰኑ። እያንዳንዱ አባል እንደ ሥራው ደመወዝ እንዲቀበልና የራሱን ገቢ እንዲያስተዳድር፣ ደካማውን የሚደግፍ የጋራ ፈንድ ግን እንዲቀር በድምፅ ተስማሙ። ብዙዎቹ ኪቡትዞች ከዚያ በፊት ይህንኑ አድርገው ነበር። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የደረሰባቸው የዕዳ ጫና፣ የወጣቱ ወደ ከተማ መሄድና የሚሠራውም የማይሠራውም እኩል ያገኛል የሚለው ቅሬታ ለውጡን ካመጡት ምክንያቶች ውስጥ ናቸው። በአገሪቱ ዛሬ ከ250 በላይ ኪቡትዞች ሲኖሩ በአሮጌው ሥርዓት የቀጠሉት ጥቂቶቹ ናቸው።

የደጋንያ መካነ መቃብር ከመንደሩ ብዙም አይርቅም። በመንገድ ላይ የተገደለው ባርስኪ እዚያ አለ። ጎርዶንም እዚያ ናቸው። በ1909 ያለ አለቃ እንሥራ ላሉት ሰባት ሰዎች መሬቱን በውል የሰጡት አርተር ሩፒን ኑሯቸው በከተማ ቢሮ ውስጥ የነበረ ቢሆንም በ1943 ሲሞቱ የተቀበሩት በዚያው በደጋንያ ነው።